አፍንጫ የሌላት መርከብ

ከሚሴ፣ መጋቢት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእታለም ዘሃራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አካም ጅርታ እታለም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባሌ ቃሲም የስፌት መኪናውን ከገበያው በረንዳ ወደ ቤታችን ደጃፍ አዛውሮታል፤ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ላይ ነው፣ ይኸው ነው አዲሱ ወሬ። ሰልሳቢልሽም ደህና ናት። መልስ ስላዘገየሁ አውፍ በይኝ።

"ዕቃው ደረሰ ወይ፣ ልጄስ ምን አለች?" ላልሽው፣ ደርሷል። ሐጃ ፋጡሜ ከሐጅ ተመልሳ እንግዶቿን ሸኝታ ሳትጨርስ ራሷ ተሸክማ አምጥታ ጀባ ብላን ሄደች። ያሰርሽበትን ሻርፕ ፈትቼ ከረጢቱን ብዘረግፈው ምንጣፉን የሞላው፣ እየተገጣጠመ መርከብ ይሆናል ያልሽው የፕላስቲክ ጡብ ነው። ቃሲም "ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመጣው ብሎኬት ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰልሳቢል "ብሎኬቶቼ" ነው የምትላቸው።

መጀመሪያ ግን ጡቡን ዞር ብላም አላየችው። ሻርፑን አንስታ አሸተተችው። "እማ ጅዳ እንዲህ ነው የምትሸተው?" አለችኝ። አንቺን እንደዚያ ነው የምትልሽ፣ እኔን እማ፣ አንቺን እማ ጅዳ። እኔ አላስተማርኳትም፣ ወላሂ፣ አፏ ነው ያመጣው። አዎ፣ እንዲህ ነው የምትሸተው አልኳት። ሁለት ዓመቷ ሆኖ ጥለሻት ከሄድሽ ጀምሮ አቅፌያት እተኛለሁ፣ አንድ ቀን እንደዚያ ስታሸተኝ አላየሁም። ማታ ሻርፑን አቅፋ ተኛች፤ እኔ ግድግዳውን ሳይ አደርኩ። እህትሽ ነኝ፣ አልደብቅሽም፣ ቀናሁ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ የጻፍሽላት ነገር ግን ልክ አልነበረም። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ እንደማነብላት ታውቂያለሽ። ዓይኔ ሳይቀድም አፌ አነበበው፤ "መርከቧን ሠርተሽ የጨረስሽ ዕለት እመጣለሁ" ብለሻታል። የስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ቃል አትረሳም። አሁን ገና ሳይነጋ ተነስታ ምንጣፉ ላይ ናት፤ ቁርሷን የማበላት በልመና ነው።

እኛ ደግሞ መርከብ የት አይተን እናውቃለን? የምናውቀው ትልቅ ውሃ ቦርከና ሲሞላ ነው። ጡቦቹን አንዱን ባንዱ ላይ ቀጥ አድርገን ደረደርናቸው፤ ስናነሳት ከመካከል ለሁለት ተሰነጠቀች። ከደብዳቤሽ ጀርባ በሳልሽው ላይ "ሸራ" ያልሽውንም ቃሲም ሰንበቴ ገበያ እንዳለው የነጋዴ ጥላ አድርጎ ከላይ ዘረጋው። ሰልሳቢል "ደግ አደረግክ፣ እማ ጅዳን ፀሐይ እንዳይመታት" አለችው። ልክ ካልሆነ እንዴት እንደሚሠራ ጻፊልን።

እህትሽ ዓፊያ


ጅዳ፣ ግንቦት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ዓፊያ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ለቃሲም፣ ለሐጃ ፋጡሜ፣ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔ ደህና ነኝ። በሰው "እጅሽን አሻለሽ ወይ?" ላልሽኝ፣ አብሽሪ፣ ተሽሎኛል፣ የበረኪና ነገር ነው።

ሸራውን ጥላ አደረግነው የሚለውን ሳነብ ሳቄን ለማፈን ፎጣ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ማዳም ያመመኝ መስሏት ወጥ ቤት ድረስ መጣች። ዓፊያ፣ ሸራ ቆሞ ነው የሚወጠረው፤ ነፋሱ ሆዱን ሲሞላው ነው መርከቧን የሚገፋት። ጡቡም ቀጥ ብሎ አይደረደርም፤ የላይኛው የታችኞቹን የሁለቱን መጋጠሚያ ይርገጥ፣ ያኔ አትሰነጠቅም። ሆዷ ቡናማ ነው፣ በጎኗ ቢጫ መስመር ይዞራታል፣ ከላይ ሦስት ምሰሶ አላት። ከፊት ለፊት አንዲት ቀይ ሹል ጡብ አለች፣ አፍንጫዋ በያት፤ ውሃውን የምትሰነጥቀው እሷ ናት። አንድ ብቻ ስለሆነች እንዳትጠፋባችሁ።

መርከቧ ሳሎን ውስጥ መስታወት ባለው መደርደሪያ ላይ ነበረች። የቤቱ ልጅ ሠርቷት ኋላ አደገና ረሳት፤ አቧራዋን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ። ማዳም "ጣይው" ስትለኝ ለምኜ ወሰድኳትና አፍርሼ በከረጢት ሞላኋት። ለሰው ልጅ ስጠርገው የኖርኩትን የኔ ልጅ እጅ ይሥራው ብዬ ነው። ነጭ ሸራዎቿን ልጁ ቀዷቸዋል፤ ቃሲም በሻርፔ ይስፋላት። ከሌላ ጨርቅ አይሁን።

አሁን ደግሞ የሆዴን ልንገርሽ። በደብዳቤሽ ቀናሁ አልሽ። አንቺ በአንድ ሻርፕ ቀናሽ፤ እኔ በስንቱ ልቅና? ሐጃ ፋጡሜ እዚህ ሳገኛት ስለ ልጄ አውሪኝ ብላት "ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ቁርጥ ዓፊያን" አለችኝ። የወለድኳት ልጅ ሳቋን ከአንቺ ወሰደች። ያን ቀን የማዳምን ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ። ሌላ ሴት ጠጉሯን ትሠራለች፣ ሌላ ሴት ትኩሳቷን ትነካለች፣ እኔ የሰው ወለል እወለውላለሁ። አንቺ ሌላ ሴት አይደለሽም፣ አውቃለሁ። ግን ቅናት እህትና ባዳ አይለይም።

ስለዚህ ሐሳቤን ስሚኝ። ኮንትራቴ በረመዳን ያልቃል። ከሚሴ ተመልሼ አልቀመጥም፤ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ትንሽ የልብስ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ሰልሳቢልንም ወስጄ እዚያ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። አባቷ ኢሳ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቢኖር የሚፈልገው ይህንን ነበር። አሳድገሽልኛል፣ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። ግን አማና፣ አደራ ናት ዓፊያ፤ አማና ለባለቤቱ ይመለሳል።

ዘሃራ


ከሚሴ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእታለም ዘሃራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። "ለምን ዝም አልሽኝ?" ብለሽ በሰው ለላክሽብኝ፣ ቃሲም ታሞብኝ ነው ልልሽ ነበር። ቃሲምን ጥርሱን እንኳ አላመመውም። መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ደብዳቤሽን እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አዲስ አበባ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ እሷ ግን "ቀጥይ" አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ተነስታ ወደ ብሎኬቶቿ ሄደች።

አማና አልሽ። እኔ ዕቃ ያስቀመጥሽብኝ ጎረቤት ነኝ? የሰው ላም የሚያረባ እንኳ ከጥጃው ይካፈላል። ይህን ስጽፍ ቃሲም "ተይ፣ እናት ናት" ይለኛል። መች አጣሁት።

በዚያው ሰው መርከቧን "የት አደረሳችኋት?" ላልሽው፣ አሁን ጡቡ እየተደራረበ ነው የሚሠራው፣ አትሰነጠቅም። ግን ሳፋ ውስጥ ስናደርጋት በጎኗ ተኛች። ሦስቱ ምሰሶ ከነሸራው ሲርስ ከበዳትና ገለበጣት። ሰልሳቢል አገጯን ይዛ ስታያት ቆይታ "አንድ ይበቃታል" ብላ ሁለቱን ምሰሶ ነቀለች። ሆዷን ደግሞ ከአንቺ ሥዕል ይልቅ ሰፋ አደረገችው፣ ውስጡ የቦርከና ጠጠር አስገባች፣ ቃሲምም በየመጋጠሚያው ሻማ አቅልጦ ቀባላት። አሁን ቀጥ ብላ ትቆማለች። የአንቺዋን አትመስልም፣ ይክፋሽ አይክፋሽ አላውቅም። የአንቺዋ የኖረችው መደርደሪያ ላይ ነው፤ የኛዋ ውሃ ላይ መቆም ነበረባት።

ሸራው ከሻርፕሽ አልሆነም። ቃሲም መቀስ ሲያነሳ "ዲሲ፣ ተው፣ እንዳትቆርጠው!" ብላ ጮኸችበት። እንደ ትልቅ ሴት ጫፉን ቋጥራ ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው፣ ማንንም አታስነካም። ስለዚህ ከአረንጓዴው ቀሚሴ ጫፍ ቆርጠን ሰፋንላት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል።

ያስቸገረን አንድ ነገር ነው። አለቀች ስንል ጡብ ይጎድላል። አንድ ቀን ቢጫው፣ ሌላ ቀን ምሰሶውን የሚይዘው፣ አሁን ደግሞ ያቺ አንድ ብቻ ናት ያልሽን ቀይ አፍንጫ። ቤቱን ገለበጥነው፣ ምንጣፉን አራገፍነው፣ የለም። የጎረቤታችን የረቢአ ዶሮዎች ደጃፉ ላይ ሲጭሩ ይውላሉ፣ እነሱ ሳይወስዱት አይቀሩም። አፍንጫ ከሌላት ደግሞ ከፊቷ ውሃ ይገባል፣ አለቀች አይባልም።

ዓፊያ


ጅዳ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለዓፊያ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አውፍ በይኝ ወይም አትበይኝ።

የረቢአ ዶሮ ቀይ ጡብ ትበላለች አልሽኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይልቅ የሰርጌን ቀን ላስታውስሽ? ሰርገኛው ደጅ ቆሞ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ ጨርሰው፣ አንድ እግር ጫማዬ ጠፋ። ቤቱ ሁሉ ሲተራመስ አንቺ ጥግ ይዘሽ አብረሽ ትፈልጊ ነበር። ጫማው በኋላ ከማሽላው ጎተራ ውስጥ ወጣ። "እሷ ከሄደች ማን አለኝ ብዬ ነው" ብለሽ አለቀስሽ፣ እኔም ሳቅኩልሽ፣ አቅፌሽም ሰንበቴ ሄድኩ። እንግዲህ እጅሽን አውቀዋለሁ። ሰው እንዳይሄድብሽ ስትፈሪ ዕቃ ትደብቂያለሽ።

መርከቧ ስታልቅ እመጣለሁ ብዬ ለልጄ ጻፍኩ። ያን የሰማሽ አንቺ ነሽ፣ ያነበብሽው አንቺ ነሽ። እንድታልቅ አልፈለግሽም። ሸራዬን በቀሚስሽ ለወጥሽ፣ ምሰሶዬን ነቀልሽ፣ አሁን ደግሞ አፍንጫዋን። ልጄ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ስትፈልግ አብረሻት እየፈለግሽ ነው አይደል? ይህን ሳስብ እህል አይወርድልኝም።

የሆነውን ጻፊልኝ፤ ደብቀሻል ወይስ አልደበቅሽም? አላህ ልጅ አልሰጠሽም፤ ያ የኔ ጥፋት አይደለም፤ የኔን ልጅም ምትክ አያደርጋትም።

መርከቧ አለቀች አላለቀች ለዒድ ከሚሴ ነኝ። ልብሷን አዘጋጂልኝ።

ዘሃራ


ከሚሴ፣ መስከረም 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእታለም ዘሃራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብቀሻል ወይ አልሽኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ።

በቅናት ነው የደበቅኩት። ቀዩን ጡብ ቦርከና ወርውሬዋለሁ፣ ስትመጪ ላም ባልዋለበት ኩበት እንዳትለቅሚ። ሰልሳቢልን ስለ ጡብ አንድም ነገር አትጠይቂያት፤ የምታውቀው ነገር የለም፣ መጠየቁ ራሱ ያስለቅሳታል። የምትቆጪውን እኔን ተቆጪ።

ስለ ልጅ ያልሽውን ቃሲምም አነበበው። መኪናውን ሸፍኖ ወጣ፣ እስከ መግሪብ አልተመለሰም። እውነት ነው፣ አላህ አልሰጠኝም።

ልብሷ ተዘጋጅቷል። የምትፈልጊውን ልንገርሽ፤ ሰው አይነግርሽምና። ከእንቅልፏ ስትነሳ ቶሎ አታናግሪያት። ሽንኩርቱ ካልደቀቀ ወጡን አትነካም። ጠጉሯን ስትሠሪያት ከግራ ጀምሪ፤ ከቀኝ ከተጀመረ ታለቅሳለች፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መርከቧን ይዛ ትሄዳለች፣ እባክሽ ቦታ ያዘች ብለሽ አታስቀሪባት።

በሰላም ነይ። ለዒድ እንጠብቅሻለን።

ዓፊያ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓፊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በአውቶብሱ ሾፌር በሙህዲን "ደህና ገባችሁ ወይ? ትበላለች ወይ?" ብለሽ የላክሽው ደርሶኛል። ደህና ገብተናል። ትንሽ ትንሽ ትበላለች። መልሱ የዘገየው አፍሬ ነው።

ለዒድ ስመጣ ቤትሽ አላደርኩም፤ ረቢአ ዘንድ አደርኩ፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ እያየሽኝ። እጄን ሰጠሁሽ እንጂ ጉንጬን አልሰጠሁሽም። ልጄን ይዤ አውቶብስ ስሳፈር ቃሲም የስንቅ ዳቦ በመስኮት ሲያቀብለኝ አንቺን ፈለግኩ፤ ግንብ ተደግፈሽ አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ነበር። እየሳቅሽ እንዳልነበር አውቃለሁ።

መንገዱን ሁሉ መርከቧን ጭኗ ላይ ይዛ መጣች። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ "አፍንጫዋስ የት ሄደ የኔ ልጅ?" ቢሏት "ቦርከና ገባ" አለቻቸው፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። እኔም በሆዴ አንቺን ረገምኩ። አውፍ በይኝ።

እዚህ በገባን በሳምንቱ ሻርፑን ላጥበው ብዬ ሰልሳቢል ተኝታ ሳለ ከትራሷ ሥር ወሰድኩት። ጫፉ ተቋጥሯል፣ ጠጠር የቋጠረች መስሎኝ በጥርሴ ፈታሁት። ቢጫው ጡብ ወጣ። ምሰሶውን የሚይዘው ወጣ። ከዚያ ቀይዋ ሹል ጡብ፣ ቦርከና ወረወርኳት ያልሽኝ።

ጧት ጠየቅኳት። አትጠይቂያት ብለሽኝ ነበር፣ ግን ጠየቅኳት። እጇን እያየች "ካለቀች ትመጫለሽ፤ ከመጣሽ ትወስጂኛለሽ" አለችኝ።

"እማ ታውቃለች?" አልኳት። እማ ስላት ያንቺን ስም መጥራቴ መሆኑን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"ሻርፑን ስታጥፍ አገኘችብኝ። አለቀሰች። ከዚያ 'ለእማ ጅዳ የደበቅኩት እኔ ነኝ እላታለሁ፣ አንቺ ዝም በይ፣ ከሰማች ይከፋታል' አለችኝ።"

እንዲከፋኝ አልፈለግሽም። እኔ ግን ልጅ የለሽም ብዬ ጽፌልሻለሁ። ያን ቃል ከወረቀቱ ላይ መላስ ቢቻል እልሰው ነበር። ለቃሲምም አውፍ ይበለኝ በይልኝ።

አሁንም የሆዴን ካልነገርኩሽ ደብዳቤ አይባልም። መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም። ቀናሁ። ልጄ ምስጢር ያላት ከአንቺ ጋር ነው። እኔ ከእሷ ጋር ያለኝ አንድ ክፍል ቤትና የሱቅ ኪራይ ነው።

ቀዩን ጡብ ቦታው ላይ ገጠምኩላት። "ይኸው አለቀች" አልኳት። አገላብጣ አየቻት። በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ መርከቧ የለችም፤ አንድ በአንድ ነቅላ ምንጣፉ ላይ በትናታለች። ከሥር ጀምራ እንደገና እየሠራቻት ነው። "ምነው፣ አልቃ አልነበር?" ብላት "ያቺ ያንቺ ናት፣ መጥተሻል። ይህቺ የእማ ናት። ስትጨርስ እማ ትመጣለች" አለችኝ። በደብዳቤ ያስተማርኳትን ሕግ መልሳ ለኔ።

እንዴት እንደምትሠራ ብታዪ። ከሚሴ ላይ ወራት የፈጀባት እዚህ በቀናት ደረሰ። አንድም ጡብ አልጠፋባትም ዓፊያ። የላይኛው የታችኞቹን መጋጠሚያ ይረግጣል፣ ጠጠሩ ገብቷል፣ ምሰሶው ቆሟል፣ የቀሚስሽ ሸራ ተዘርግቷል። ከሱቅ ስመለስ በየቀኑ ከፍ ብላ አገኛታለሁ፣ በየቀኑም ሆዴ ይቃጠላል። እኔን ለማስቀረት ስትደብቀው የከረመችውን፣ አንቺን ለማምጣት እንዲህ ትቸኩላለች።

ትናንት የቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቀዩን ጡብ አንስቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። እኔ፣ እናቷ። ተመልሳ ፈለገች፤ ምንጣፉን አነሳች፣ ጫማዎቹን አራገፈች። እኔም አብሬያት ፈለግኩ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ፍለጋውን ተወችው። ዕቃ የደበቀ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

እስክትተኛ ጠብቄ ልመልሰው ነበር። ግን ብመልሰው መርከቧ ታልቃለች፣ አንቺም አትመጪም፣ ልጄም የተጻፈ ቃል ውሸት መሆኑን ከኔ ትማራለች። ስለዚህ ይህ ፖስታ የጎበጠው በሱ ነው። ሙህዲንን እንዳይጥለው አደራ ብዬዋለሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ምንጣፍ ግን አለን። ቃሲም መኪናውን ጭኖ ቢመጣ እዚህ የሚሰፋ አያጣም፤ እሱ እንቢ ካለ አንቺ ብቻ ነይ፣ የምትችይውን ያህል ቆዪ። ከአንቺ ጋር ስትስቅ ማየት እንደሚያመኝ ከአሁኑ እነግርሻለሁ። ይመመኝ። ጠጉሯን ከግራ ጀምሬ ነው የሠራሁላት፣ አሁንም ታለቅሳለች።

ጡቡን ይዘሽ ነይ። አንቺ ግጠሚላት።

እህትሽ ዘሃራ